የአጎቴ ጺም በወላጆች ግሩፕ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ልጅ እያላችሁ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁሞ «የማን ልጅ ነህ?» ሲላችሁ ምን ትመልሱ ነበር? እኔ ባደግኩበት በወሎ መልሱ አጭር አልነበረም። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የቅድመ አያቴን ስም፣ ቤታችን ከየትኛው ዋርካ በታች እንደሆነ፣ አባቴ ገበያ ወጥቶ እንደሆነ፣ እናቴ ከየትኛዋ ጎረቤት ጋር እንደተኳረፈች ሳይቀር ዘርግፌ፣ ጉልበት ስሜ፣ ተመርቄ ነበር የምለቀቀው። ሽማግሌው ራሱ ማን እንደሆነ መጠየቅ የሚባል ነገር በሐሳባችንም አይመጣ። ዝም ያለ ልጅ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ይቺ ስድብ ደግሞ ልጁን አልፋ ቀጥታ ወላጆቹን ነው የምትመታው። ስለዚህ ወላጆቻችን ሌላ ሌላውን ቢያጓድሉብንም ይህን ትምህርት አላጓደሉብንም። አሁን ሳስበው፣ አንድ ሌባ ጺሙን አሳድጎ ቢጠይቀኝ ኖሮ የሳጥናችን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ መርቼ አሳየው ነበር።

ይህን ማንሳቴ ያለ ነገር አይደለም። እኔ ዛሬ መቀሌ የምኖር ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ቤቴ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ሱቄ ሮማናት አካባቢ ነው። ሚስቴ ነጃት የመቀሌ ልጅ ናት። ስድስተኛ ክፍል የምትማር ሐያት የምትባል ልጅ አለችን። ትምህርት ቤቷ የቤት ሥራ የሚልከው በስልክ ስለሆነ፣ እኔ አዲስ ስልክ ስገዛ አሮጌውን ከነቁጥሩ ለሐያት አስረከብኳት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ልክ አልነበረውም። አዲስ ስልክ ያዝኩ፣ ልጄንም አስተማርኩ፣ ከዚህ በላይ ምን አለ እያልኩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። ነጃት «ያለፈውን እኔ ሄጃለሁ፤ የዛሬው ያንተ ነው» ስላለች ሄድኩ። ስብሰባው በትግርኛ ነው። የኔ ትግርኛ የገበያ ትግርኛ ነው፤ ሜትር መለካትና መማል ላይ የሚደርስብኝ የለም፤ ከዚያ ውጭ ግን እየተንገዳገድኩ ነው። የሐያት ክፍል ኃላፊ መምህርት ፍረወይኒ ይህን ስለምታውቅ ዋና ዋናውን ነገር እኔን እያየች በአማርኛ ትደግመዋለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እኔም ገብቶኛል ለማለት ከሚገባው በላይ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ጉዳዩ ልጆችና ስልክ ነበር። ስማቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ ፎቷቸውን በስልክ ለሚጠይቃቸው ለማያውቁት ሰው እንዳይሰጡ፤ የሚጠይቅ ከመጣ ምንም ሳይመልሱ ያዩትን ለትልቅ ሰው እንዲያሳዩ፤ እኛም ቤት ውስጥ እንድናለማምዳቸው ነገረችን። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ጠያቂው ሽማግሌ ቢሆንስ?» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መምህርት ፍረወይኒ ግን አልሳቀችም። «ሓወይ፣ ስልክ ውስጥ ሽማግሌና ጎረምሳ በምን ይለያል? ጺሙን አታየውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነው የተቀመጥኩት። እኔ አንድ ነገር ከያዘኝ ልክ የለኝም። ዘንድሮ ስፖርት ልሥራ ብዬ የተነሳሁ ዕለት እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ድረስ ሮጬ ሳምንት ሙሉ ሱቄ ውስጥ ተኝቼ ነው የሸጥኩት። ይህንንም እንደዚያው ያዝኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ማሠልጠኛ ሆነ። እራት ላይ ድምፄን አጎርንኜ፣ «የኔ ልጅ፣ ስምሽ ማን ነው?» እላታለሁ። ሐያት ቀና ብላ «ለምን ፈለጉት?» ትላለች። «አባትሽ ምን ይሠራል?» ስላት «ለማያውቁት ሰው መረጃ አልሰጥም» ትላለች። «እኔ እኮ አጎትሽ ነኝ!» ስላት «ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» ትላለች። እኔ በደስታ ጭኔን እመታለሁ። ነጃት ግን አልጣማትም።

«ኣታ ሰብኣይ» አለችኝ፣ «ልጅቷን ወታደር አረግካት። ትናንት ጨው አቀብዪኝ ብላት ‹ለምን ፈለግሽው?› አለችኝ እኮ!»

«በርቺ በያት እንጂ» አልኳት።

የራሴንም ስልክ ችላ አላልኩም። ማንም ሊደርስበት የማይችል የይለፍ ቃል አበጀሁለት። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ አልከፈት አለ፤ የይለፍ ቃሉን ማንም ሊደርስበት አልቻለም፣ እኔም ጭምር። ደንበኛ ይደውላል፣ አነሳለሁ፤ መልሼ ልደውል ስል ግን ስልኩ አያውቀኝም። ማታ ሐያት ከእጄ ወስዳ ቁጭ ብላ ከፈተችልኝ። በድንጋጤ «እንዴት አወቅሽው?» ስላት፣ «ስትጽፈው እኮ ጮክ ብለህ እያነበብክ ነበር አባ» አለች። ነጃት እየሳቀች ከክፍሉ ወጣች።

እንዲህ እያልን ሳለ አያ ይማም ደወለ።

አያ ይማም የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ሲሞት አንስቶ ያሳደገኝ እሱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መቀሌ ስልክ ሲጠፋ፣ እኔ በሕይወት ልኑር አልኑር ሳያውቅ፣ በማይሠራው ቁጥሬ ላይ እየደወለ የከረመ ሰው ነው። መስመሩ የተከፈተ ዕለት ሁለታችንም ቃል ሳናወጣ ስናለቅስ ካርዱ አለቀብን። አሁን ደግሞ ልጆቹ በምስል የሚያናግር ስልክ ገዝተውለት፣ በመጀመሪያ ሊያየው የፈለገው ሰው እኔ ነኝ። የሚያውቀው ግን አሮጌውን ቁጥሬን ነው። አዲሱን እሰጠዋለሁ እሰጠዋለሁ እያልኩ ቸል ብያለሁ። ሐያትን ያያት ደግሞ ገና በእቅፍ እያለች ነው።

የሆነውን በኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቼ ገጣጥሜዋለሁ። አያ ይማም ስልኩን እንዴት እንደሚይዙት ስላልለመደ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ይዞታል። ስለዚህ ሐያት ያየችው የጺሙን ግማሽና የቤቱን ጣሪያ ብቻ ነው።

«አንቺ ማነሽ?» አለ ጺሙ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለች ሐያት።

«ኧረግ! የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ይህ ስልክ እኮ የልጄ ነው! እሱ የት ሄደ?»

«ለማያውቁት ሰው መረጃ አልሰጥም።»

«ያ ረቢ! እኔ አጎቱ ነኝ እኮ!»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» አለችና፣ የጺሙን ምስል ይዛ ካስቀረች በኋላ መስመሩን ዘጋችው። ቁጥሩንም አገደችው። ምስሉን ለመምህርት ፍረወይኒ ላከች። መምህርቷም የተማሪዋን ስም ሳትጠቅስ ወላጆች ግሩፕ ላይ አወጣችው፤ «አንድ ተማሪ ከማታውቀው ሰው እንዲህ ያለ ጥሪ ደርሷታል፤ ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ» የሚል ጽሑፍ ጨምራ።

መነጋገሩን ማን ይሰማል? ሁሉም ጺሙን ነው የያዘው። አንዷ እናት ትናንት እንዳ ኢየሱስ አካባቢ አይቼዋለሁ አለች። አንድ አባት ደግሞ በዚያው ሰዓት ሮማናት ላይ ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር ብሎ ማለ። ሌላው ጺሙ የተለጠፈ እንደሚመስል አስረዳ። እኔስ? እኔ ምስሉን አይቼ፣ ያንን ያደግኩበትን ጣሪያ፣ ያንን በልጅነቴ እየጎተትኩ የተጫወትኩበትን ጺም አይቼ ሳላውቀው፣ «እንዲህ ዓይነቱ ሽማግሌ መሳይ አውሬ ተይዞ ለሕግ ይቅረብ!» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው አውራ ጣቱን ሰጠኝ። ለገበያ ጓደኞቼም አስተላለፍኩት።

ማታ ሐያት «አባ፣ እኔ ነኝ እኮ ያጋለጥኩት» ስትለኝ ግንባሯን ሳምኳት። ቁጥሩ የማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ጭንቅላት ይጠይቃል፤ እኔ በዚያ ሰዓት የነበረኝ ኩራት ብቻ ነው።

አያ ይማም በበኩሉ እንቅልፍ አጣ። አንዲት ቆፍጣና ሴት ስልኬን ይዛዋለች፤ የት እንዳለሁ አትናገርም፤ መልሶ ሲደውል አይገባም። ጦርነቱ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ስልክ አይሠራም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱ ያውቃል። ልጄን ዳግም አጣሁት ብሎ፣ ልጆቹን ሳይሰማ፣ ቋጠሮውን ይዞ መቀሌ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣ።

መናኸሪያ ሲወርድ ያገኛትን የመጀመሪያዋን ሴት «የኔ እመቤት፣ ጨርቅ ነጋዴዎች የት ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። መንገድ ከሚጠይቅበት ሕዝብ ሁሉ መሐል የመረጣት የትምህርት ቤታችን ተማሪ እናት ናት። ሴትዮዋ ጺሙን አየች፤ ስልኳን አየች፤ ጺሙን ደግማ አየች።

እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ግሩፑ «ተይዟል! መናኸሪያ!» እያለ ጮኸ። ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ የጨርቅ መለኪያ እንጨቴን መዥረጥ አድርጌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ለባጃጁ ሾፌር መንገዱን ሙሉ ምን እንደማደርገው ስነግረው ነበር። ስደርስ ሴቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። እንጨቴን ከፍ አድርጌ «የታለ? የታለ?» እያልኩ እየገፋሁ ገባሁ።

አያ ይማም ቋጠሮው ላይ ተቀምጦ ዘሩን ይቆጥራል። ሴቶቹ «ሰውዬ፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብለውት፣ እሱ ደግሞ በመጠየቁ ተደስቶ፣ «የሐሰን አባት እንድሪስ፣ የእንድሪስ አባት ይመር...» እያለ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። አንዷ ስልኳን ከአገጩ ሥር አስጠግታ ጺም ከጺም ታመሳክራለች። ቀና ሲል አየኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ልጄ አለ! በሕይወት አለ!» ብሎ ተነስቶ አንገቴን አቀፈኝ። እንጨቱ በመሐላችን ነው። አንገቴ በእንባው ራሰ። እኔ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

«ታውቀዋለህ እንዴ?» አለች ባለ ስልኳ።

«አሳዳጊዬ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ «እዋይ ኣነ! ኣቦይ፣ ይቕረ በሉና» እያሉ እጁን ሲስሙ፣ ውኃ ሲያቀርቡ፣ ቋጠሮውን ሲሸከሙ፣ እሱም ሁሉንም ሲመርቅ ዋለ። ባጃጅ ድረስ የሸኘን ሕዝብ ብዛት ሙሽራ ያስመስለን ነበር። ግሩፑ ላይ «ይህ ሰው የተከበረ አባት ነው» የሚል ጽሑፍ ከዚያው ምስል ጋር ወጣ። አንድ ወላጅ ብቻ ጺሙ አሁንም እንደሚያጠራጥረው ጻፈ።

እኔ ግን ኀፍረቴን የት ልጣለው? ወሎ ሲሰማ ምን ይባላል? የይማም ልጅ፣ አሳዳጊውን በልጁ አስደበደበ ሊባል ነው። እንደገባን ሐያትን ጠራኋት።

«ነይ! አባባ ይማም ናቸው። ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ!»

«መምህርት ያለችውን ነው እኮ ያደረግኩት። አንተም...»

«ጠይቂ አልኩሽ!»

አያ ይማም «ኧረ ተዋት፣ ሕፃን ናት፤ እንዲያውም ጎበዝ ናት» አለኝ። ነጃትም «በቃ ይኣክል» አለች። እኔ አልሰማሁም። ሐያት ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «ይቅርታ አባባ» አለች፤ ድምፅዋ የለም። እኔ ጨመርኩበት። «ከዛሬ ጀምሮ ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ በሥርዓቱ ትመልሻለሽ! አሳዳጊ የበደላት አታስብይኝ! አለቀ!» መምህርት ፍረወይኒ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የለፋችበትን፣ እኔም ራሴ በየእራቱ የደከምኩበትን፣ በአንድ ትንፋሽ አፈረስኩት። ደረቴን ነፍቼ እራቴን በላሁ።

አያ ይማም ከኛ ጋር ሰነበተ። ሐያትና እሱ ወዲያው ተዋደዱ፤ ስልክ ከጺም አርቆ መያዝ አስተማረችው። እኔም ነገሩ አለፈ ብዬ ነበር። ልጅቷ ምግብ ቀነስ ማድረጓን፣ ስልኳን መፍራቷን አላየሁም። ነጃት «ጓለይ፣ ደሓን ዲኺ?» ብትላት «ደህና ነኝ» ነበር መልሷ።

አንድ ጠዋት ቤት ካስቀመጥኳቸው ጣቃዎች አንዱን አቡጀዲ ተሸክሜ ሱቅ ሄድኩ። አንዲት ደንበኛ ለአልጋ ልብስ ፈለገች። ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሳገላብጠው ጨርቁ ጉርር ብሎ ነዘረ።

ሴትዮዋ «እዋይ! ይተነፍሳል!» ብላ ወደ በሩ ሸሸች።

ብዘረጋው ከጥቅሉ መሐል የሐያት ስልክ ዱብ አለ። መስተዋቱ ላይ አዲስ መልእክት በርቷል። «ዛሬ ስትወጪ በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ፎቶውስ?» ይላል።

የቀደሙትን መልእክቶች ወደ ላይ እየሄድኩ አነበብኩ። ሰውየው መጀመሪያ ላይ «የአባትሽ ወዳጅ ነኝ፤ ጋሼ በይኝ» ብሏል። ከዚያ «የማን ልጅ ነሽ?» አለ። ልጄ በሥርዓቱ መልሳለች። የኔን ስም፣ የአያቷን ስም፣ ትምህርት ቤቷን፣ ክፍሏን፣ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ በየት በኩል ብቻዋን እንደምትሄድ፤ እያንዳንዱ መልስ መጨረሻ ላይ «እሺ ጋሼ» የሚል አለበት። ከዚያ ፎቶ ጠየቀ። እሷ ዝም አለች። ደግሞ ጠየቀ። «ትልቅ ሰው እምቢ አይባልም» አላት። ይህ ሰው የኔን ቃል ነው ለልጄ የሚመልስላት። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ በጦርነቱም ቢሆን።

ሱቄን ዘግቼ ይሁን ሳልዘጋ አላስታውስም። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ጨርቁን ጭምር እንደያዝኩት ያወቅኩት ሾፌሩ «አባት፣ ጫፉ በበሩ ወጥቶ እየተጎተተ ነው» ሲለኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ አቡጀዲ እየጎተትኩ ገባሁ፤ ዘበኛው ምን ብሎ ይከልክለኝ? ቢሮውን በርግጄ «መምህርት! ልጄን! ልጄን!» ብዬ ጮኽኩ።

መምህርት ፍረወይኒ ተቀምጣለች። ሐያት አጠገቧ ናት። ነጃት ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፀጉሯ ላይ የፍራሽ ጥጥ ተሰክቶ፣ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ተጋጨን። እጄ ላይ ስልኩን አይታ «አንተ ጋ ነው? ፍራሹን ሁሉ ቀድጄ ስፈልገው!» አለችኝ።

ያውቁ ነበር። ሐያት ጠዋት እንደገባች ለመምህርቷ ነግራለች። ነጃት ተጠርታ፣ ሐያት ፈርታ ጨርቅ ውስጥ የደበቀችውን ስልክ ፍለጋ ቤት ተመልሳ፣ ባዶ እጇን መጥታለች። ፖሊስም ተነግሮት እየመጣ ነበር። ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ፖሊሶቹ መጡ፤ ስልኩን ወሰዱ፤ መልእክቶቹን አነበቡ፤ ሲቪል ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ተማሪ ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ ሰውየው አልመጣም። ወይም መጥቶ፣ በሩ ላይ የቆሙትን አይቶ ተመልሷል። ምርመራው እንደቀጠለ ነው። ይህን አለማወቄ እስካሁን ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

ያን ቀን በሩ እስኪጸዳ ድረስ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብለን ነበር። እኔ አቡጀዲውን እየጠቀለልኩ ነው፤ እጄን የማስይዘው ነገር አጥቼ። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«ሐያት፣ ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ጫማዋን እያየች፣ «ይቅርታ ጠይቂው እንዳትለኝ ፈርቼ ነው» አለች።

ነጃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ደግሞስ ልጅ ይቅርታ የሚጠየቅበት ሥርዓት ማን ሠራልን? ለትልቅ ሰው ጉልበት ይሳማል፤ ለተኳረፈ ሽማግሌ ይላካል፤ ለልጅ ምን ይደረጋል? ከወንበሩ ወርጄ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አልኩ። ጉልበቴ ጮኸ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አልኳት።

የጫማዋን ጫፍ ወለሉ ላይ አሸች።

«ከአሁን በኋላ ለኔ ትነግሪኛለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አያለሁ» አለች።

«እንዴት ለአባትሽ አያለሁ ትያለሽ!» የሚል ቃል ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ዘጋሁትና ዋጥኩት። ስውጠው ሐያት እያየችኝ ነበር። ወንበሯን ትንሽ ወደኔ ሳበች።